ሲባጎ

ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነሣን፣
ብርቄ መስኮቱን ይዛ፣ እኔ እሷን።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነጎድጓድ አያስበረግጋት፣
ስም አወጣንላት እንጂ ስሟ ደርሷት አያውቅም፤
የምትጠራው ትከሻዋን ነክተው፣
ራቅ ካለች ጠጠር ወርውረው።

«ለእንዲህ ያለ ልጅ ደብረ ብርሃን ክፍል አለ» አሉኝ።
ማን አለ? ሰው አለ። የት? እዚያው ከተማው።
ይሄ ሰው የሚሉት ቤቱ የት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ቀበሌው ላከኝ ወደ ክፍለ ከተማ፣
ክፍለ ከተማው «ስድስት ቁጥር ግባ»፤
ስድስት ቁጥር በሩ ላይ ሰንሰለት፣
ሰንሰለቱ ላይ ወረቀት፦ «ስብሰባ»።
ከምሳ በኋላ አንድ ወጣት ማመልከቻዬን ገለበጠው፣
ከፊቱም ከጀርባውም አየው፣
«አባባ፣ ይሄ እኮ ማኅተም የለው!
ከመጡበት ወረዳ ደብዳቤ ያምጡ።»
ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ወንበሩን ለብርቄ ለቆላታል፤
ግን የሚያውቀው መንገድ ሁሉ
ወደ መጣሁበት ይመልሳል።

ወጣን። ብርድ ልብስ የሚሠራ ከተማ
ልብሱን ለሰው አገር ሸጦ
ብርዱን ለራሱ አስቀርቶ፣
ንፋሱ ጋቢዬን እንደ ቀማኛ ሲጎትት፣
ሰማዩ፣ ራቅ ያለ ሰው እንደሚጠራ፣
ጠጠር ወረወረ።

ሚስማር ቤቱ ጥግ ቆርቆሮው ሥር ተጠጋን።
በረዶው ጣራውን ሲወቅጠው
ሁሉም ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ፤
ነጋዴው፣ ተማሪዎቹ፣ ድንች የጫነው ባለ ጋሪ፣
እኔም።
እጃቸው ያልተነሣ ሁለት ናቸው፦
የኔ ልጅ፣
እና ጥግ ይዞ ጫማ የሚሰፋ አንድ ሰው።

ቀና አለ። እሷም።
ሲተያዩ አየኋቸው፣
ያንድ አገር ሰው በሩቅ ገበያ እንደሚተዋወቅ።
ወስፌውን አስቀመጠ፣ ጣቶቹን አየር ላይ አንዴ ፈተላቸው።
ብርቄ አልገባትም፤ ግን ብርድ ሸሽታ
ኪሴ የከተተችው እጇ
ወጣ።

ሸዋፈራው ይባላል፤ ሣጥኑ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።
ማመልከቻዬን ተቀብሎ፣ ማኅተም ባጣው ወረቀት ጀርባ
በእርሳስ መንገድ ሣለልኝ፦
ድልድይ፣ ወፍጮ ቤት፣ አረንጓዴ በር።
ከዚያ ሥዕሉን አላመነውም መሰለኝ፣
ሣጥኑን ቆልፎ ፊት ፊታችን ሄደ።

አረንጓዴው በር ውስጥ የእድር ቀን ነበር።
አሥራ አንድ ሰው፣ ሃያ ሁለት እጅ፤
እንዲያ ያለ ጫጫታ አይቼ አላውቅም።
ባፏ ያናገረችኝ ወይዘሮ ማንያህልሻል ብቻ ናት፤
ባሏ ሊቀመንበሩ ነው፣
ጆሮውም ገንዘብ ያዡም እሷ።
ክፍሉ አለ አለች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ፤
ሰኞ ራሷ ትወስደናለች፤
ከእነዋሪ የመጡ ሁለት ልጆች እሷ ዘንድ ያድራሉ፣
ሦስተኛ ፍራሽ አይጠፋም።
«ማኅተሙስ?» አልኳት።
«እሱን ቀስ ብለን።»

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፦
ጡሩምባ የማይሰማ እድር
ሰው ሲሞት በምን ይጠራራል?
ተነሥታ በሩን አሳየችኝ፤
መቃኑ ላይ የተበሳ ቀዳዳ፣
በቀዳዳው የሚያልፍ ሲባጎ፤
ማታ ማታ ጫፉን
እግራቸው አውራ ጣት ላይ አስረው ይተኛሉ።
አንዴ ከተሳበ፣ ሰው ታሟል።
ሁለቴ ከሆነ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ።

ማክሰኞ ትቻት ተመለስኩ።
አላለቀሰችም፤ አውቶቡስ ውስጥ
ሰው ያሳቅኩት እኔ ነኝ።

ማታ እግሬ ላይ የማስረውን አይታ
«ደግሞ ይሄ ምንድነው?» አለች እናቷ።
ሲባጎ።
ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሳብ፣ ነገርኳት።
«ሌላው ጫፉስ?»
ደብረ ብርሃን።
ኩራዙን እፍ አለችው።

ቆይታ፣ በጨለማው፣
በዳበሳ እግሬን ስትፈልግ፣
ክሩን ስታገኘው፣
ቀስ አድርጋ ስትስበው ተሰማኝ፤
አንዴ።